የሩቅ ሰው ፈንታ፤ ስለ ቻይናውያን የጨረቃ ኬክ አተረጓጎም የቀረበ ትችት

ቻይናውያን በጨረቃ አቈጣጠራቸው በ8ኛው ወር በ15ኛው ሌሊት የሚያከብሩት በዓል ጆንግቺዩ ይባላል፤ ትርጓሜውም «የመፀው እኩሌታ» ማለት ነው። በእኛ አቈጣጠር ከጳጉሜን መጀመሪያ አንሥቶ እስከ መስከረም መጨረሻ ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። በዚያች ሌሊት ሙሉ ጨረቃ ስትወጣ ቤተ ሰብ በግቢ ወይም በሰገነት ላይ ይሰበሰባል፤ ፍራፍሬና ሻይ ይቀርባል፤ ከሁሉም በላይ ግን በላዩ ጽሕፈት ወይም ሥዕል የታተመበት ክብ ኬክ ይቈረሳል። ከቤቱ የራቀ ሰው ያለ እንደ ሆነ ኬክ ይላክለታል፤ ወይም ከቤቱ ኬክ ፈንታው ይቀመጥለታል። ስለዚሁ ልማድ በልዩ ልዩ ቋንቋ ብዙ ተጽፏል። ዳሩ ግን ከተጻፈው የሚበዛው ሦስት ያኽል የታወቁ ትርጓሜዎችን እየደጋገመ የሚያወርስ ነው እንጂ፥ ትርጓሜውን ከልማዱ አሠራር ጋር የሚያመሳክር አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዐሳብ ሦስቱን ትርጓሜዎች አንድ በአንድ መርምሮ፥ ኬኩ ከሩቅ ዘመድ ጋር የሚያገናኘው በምን እንደ ሆነ ማሳየት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ቻይናውያን ዩዌቢንግ የሚሉትን «የጨረቃ ኬክ» ብለን መተርጐማችን የተሻለ ቃል በማጣት ነው። ቢንግ የሚባለው ከዱቄት ተለውሶ የሚጋገር ወይም የሚጠበስ ጠፍጣፋ ነገር ሁሉ ስለ ሆነ፥ «ኬክ» የሚለው ቃል በሠርግና በልደት ቀን የምናየውን ለስላሳና ክሬም የተቀባ ነገር እያሳሰበ ያሳስተናል። «የጨረቃ ዳቦ» ብንልም አይስማማም፤ ለጥጋብ የሚበላ አይደለምና። በቡሄ ዕለት ለልጆች የሚሰጠው ሙልሙል በዓልን ከተጋገረ ነገር ጋር ስለሚያያይዝ በአንድ ወገን ይቀርበዋል። ነገር ግን ሙልሙል ለእያንዳንዱ ልጅ ለየራሱ የሚሰጥ ሲሆን፥ የጨረቃው ኬክ ለመቈረስ የተሠራ ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ መስሎ ቢታይም፥ የምንናገረው ነገር ሁሉ ወደ እርሱ ይመለሳል።

አሠራሩ እንደየአገሩ ይለያያል። በደቡብ በጓንግዶንግ ቀጭኑ ቅርፊት ከዱቄት፥ ከዘይትና ከወፍራም የስኳር ሽሮፕ ይለወሳል። የሎተስ ፍሬ ተቀቅሎና ተፈጭቶ በስኳርና በዘይት ታሽቶ በውስጡ ይሞላል፤ በመካከሉም በጨው የተዘፈዘፈ የዳክዬ እንቊላል አስኳል ይገባል። ኬኩ ሲቈረጥ ወርቃማ ሆኖ የሚታየው ይህ አስኳል የጨረቃ ምሳሌ ነው። በሱጆው ቅርፊቱ ንብርብር ሆኖ በአሳማ ሥጋ ይሞላል፤ የዩናን ሰዎች በጨው የደረቀውን የአሳማ ጭን ከትፈው ከጣፋጭ ነገር ጋር ይጨምሩበታል፤ በሌላም ስፍራ አምስት ዐይነት ለውዝና ፍሬ ይገባበታል። የተሞላው ሊጥ በተቀረጸ የእንጨት ማተሚያ ውስጥ ተጨምቆ ጽሕፈቱን ወይም ሥዕሉን ያወጣል። የጓንግዶንጉ ኬክ ከምድጃ እንደ ወጣ አይበላም፤ ቅርፊቱ ገና ደረቅ ነውና። ሁለት ሦስት ቀን ሲቈይ በመካከሉ ያለው ዘይት ወደ ቅርፊቱ ዘልቆ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ያደርገዋል፤ ጋጋሪዎቹም ይህን «ዘይቱ ተመለሰ» ይሉታል። እንግዲህ ኬኩ መጠበቅ የሚያበስለው፥ ለመቈየትና ለመንገድ የተስማማ ምግብ ነው።

ከሚነገሩት ትርጓሜዎች እጅግ የታወቀው የዐመፁ ታሪክ ነው። ሞንጎሎች ቻይናን በሚገዙበት ዘመን ዐመፀኞች የሚነሡበትን ቀን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው በኬክ ሆድ ውስጥ ሸሸጉ፤ ኬኩንም ከቤት ወደ ቤት አደሉ፤ ሕዝቡም በበዓሉ ኬኩን ሲቈርስ መልእክቱን አግኝቶ ባንድነት ተነሣ ይባላል። ምክሩን ያመነጨ የጁ ዩዋንጃንግ አማካሪ ልዩ ቦወን ነው የሚሉም አሉ። ጁ ዩዋንጃንግ በ1368 የሚንግን ሥርወ መንግሥት ማቆሙ የተረጋገጠ ነው። የኬኩ ነገር ግን በዘመኑ የታሪክ መዛግብት የተመሰከረ ሳይሆን፥ ቈይቶ በሕዝብ አፍ የተገኘ ተረት ነው። ደግሞም ከታወቀው ታሪክ ጋር አይስማማም፤ በሞንጎሎች ላይ የተነሣው ዐመፅ በአንድ ሌሊት የተፈጸመ ሳይሆን፥ ከ1351 ጀምሮ ለብዙ ዓመት የቀጠለ፥ ዐመፀኞቹ ራሳቸው እርስ በርሳቸው የተዋጉበት ረዥም ጦርነት ነበር።

ይሁን እንጂ ለባህል ተመራማሪ ተረቱን ውሸት ነው ብሎ መጣል አይበቃውም። ሕዝብ ተረትን ሲፈጥር የሚያውቀውን ነገር ይዞ ነው። ይህን ተረት የፈጠሩት ሰዎች ኬክ ከቤት ወደ ቤት የሚላክ ነገር መሆኑን፥ የሚላከውም ያለ ቃል እንደማይሄድ፥ ቃሉም የሚገለጠው ሲቈረስ መሆኑን ያውቁ ነበር። ስለዚህ ተረቱን ስለ 14ኛው መቶ ዓመት ጦርነት ምስክር አድርጎ የሚያቀርብ ጸሓፊ ይሳሳታል፤ ስለ ኬኩ ጠባይ ምስክር አድርጎ የሚያቀርበው ግን አይሳሳትም። የምንነቅፈው ተረቱን ሳይሆን ያለ ቦታው መግባቱን ነው።

ሁለተኛው ትርጓሜ በጨረቃ ላይ የምትኖረው የቻንግኧ ታሪክ ነው። ዛሬ ለልጆች የሚነገረው እንዲህ ነው፤ ቀስተኛው ሆውዪ የማይሞት የሚያደርግ መድኀኒት አገኘ፤ ክፉ ሰው ሊቀማው በመጣ ጊዜ ሚስቱ ቻንግኧ መድኀኒቱን ከማስነጠቅ ራሷ ጠጣችውና ወደ ጨረቃ ወጣች፤ ባሏም በናፍቆት በግቢው ገበታ ዘርግቶ የምትወደውን ምግብ በጨረቃዋ ፊት አኖረ። ይህን የሰማ ሁሉ በዓሉ የሩቅ ወዳጅ ማሰቢያ መሆኑን ወዲያው ያስተውላል። ነገር ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት በተጻፈው ሗይናንዝ በተባለው መጽሐፍ የሚገኘው አጭር ቃል የሚናገረው ሌላ ነው፤ በዚያ ሴትዮዋ መድኀኒቱን ከባሏ ሰርቃ ወደ ጨረቃ ሸሸች። የተዘረጋ ገበታ የለም፤ ኬክም የለም።

ብዙዎች ጸሓፊዎች ይህን ልዩነት ሳያነሡ ያልፋሉ፤ ወይም አዲሱን ታሪክ ጥንታዊ ነው ብለው ያቀርባሉ። ነገሩን ገልብጦ ማየት ግን የበለጠ ያስተምራል። ስርቆቱን ወደ መሥዋዕትነት፥ መሸሹን ወደ መለያየት የለወጠው በዓሉ ነው። ቤተ ሰቡ ለሩቅ ሰው ገበታ መዘርጋትን ከለመደ በኋላ፥ ጨረቃ ላይ ያለችው ሴት ሌባ ሆና ልትቀር አልቻለችም፤ ፈንታ የሚቀመጥላት ዘመድ መሆን ነበረባት። እንግዲህ ተረቱ ልማዱን ወለደ ከማለት፥ ልማዱ ተረቱን አሳደገው ማለት የሚሻል ይመስለኛል።

ሦስተኛው ትርጓሜ የተማሩ ሰዎች የሚወድዱት የቅኔው ትርጓሜ ነው። ባለቅኔው ሱ ሺ በ1076 በዚሁ በዓል ሌሊት፥ በሚጆው ከተማ ሹም ሆኖ ሳለ፥ እስከ ንጋት ሲጠጣ አድሮ፥ ወንድሙን ሱ ጀን እያሰበ በ«ሹዪድያው ገቶው» ዜማ የጻፈው ግጥም በቻይና ከታወቁት ሁሉ የታወቀ ነው። ወንድሙ በዚያን ጊዜ በጂናን ሹመት ላይ ነበረ፤ ሁለቱም ከተሞች ዛሬ ሻንዶንግ በሚባለው ግዛት ውስጥ ናቸው፤ ሆኖም ወንድማማቾቹ ለብዙ ዓመት አልተገናኙም ነበር። የግጥሙ ዐሳብ ተለያይተው የሚኖሩ ሰዎች አንዲቱን ጨረቃ በማየት ይጽናናሉ የሚል ስለ ሆነ፥ ዛሬ በኬክ ሣጥን ላይ ታትሞ ይታያል፤ ኬክ የሚልክ ሁሉ እርሱን ይጠቅሳል።

ነገር ግን ግጥሙን የሚያነብ ሰው በውስጡ ጽዋና ወይን እንጂ ኬክ አያገኝም። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። መንግ ዩዋንላው የተባለው ጸሓፊ በ1147 ስለ ጠፋችው ዋና ከተማ ስለ ካይፈንግ ሲጽፍ፥ የበዓሉን አዲስ ወይን፥ ሸርጣኑን፥ ፍራፍሬውንና ጨረቃ ለማየት በመጠጥ ቤት ሰገነት ላይ የሚሻማውን ሕዝብ ይዘረዝራል፤ የጨረቃ ኬክን ግን አያነሣም። ስለ 13ኛው መቶ ዓመት ሃንግጆው የተጻፈ መጽሐፍ ዩዌቢንግ የሚለውን ስም ያነሣል፤ ይሁን እንጂ በገበያ ከሚሸጡት ብዙ የምግብ ዐይነቶች መካከል አንዱ አድርጎ ነው እንጂ ከበዓሉ ጋር አያገናኘውም። ኬኩ የዚህ በዓል ስጦታ መሆኑንና «መገናኘት» የሚል ትርጓሜ የተሰጠው መሆኑን በግልጽ የሚናገሩ መጻሕፍት የሚገኙት በ16ኛው መቶ ዓመት በሚንግ ዘመን ነው፤ በ1593 ስለ ቤይጂንግ የጻፈው ሸን ባንግም መኳንንቱም ተራው ሕዝብም በዚያ ወር ትልልቅና ትንንሽ ኬክ ጋግረው እርስ በርሳቸው እንደሚሰጣጡ ይመሰክራል።

እንግዲህ ናፍቆቱ ከኬኩ በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማል። ጨረቃ አስቀድማ የነበረች የናፍቆት ምልክት ከሆነች፥ ኬክ መጨመር ለምን አስፈለገ? የቅኔውን ትርጓሜ የሚደግሙ ጸሓፊዎች ይህን ጥያቄ አይጠይቁም። እኔ እንደማስበው መልሱ ግልጽ ነው። ጨረቃ የሁሉ ናት፤ ዋጋ አታስከፍልም፤ አትከፈልም። ጨረቃን አይቶ ሰውን ማሰብ በልብ የሚያልቅ ነገር ነው፤ ያሰበውና ያላሰበው አይለይም። ኬክ ግን ይከፈላል። በቢላዋ የሚከፈል ነገር ደግሞ ቊጥር ይጠይቃል፤ የሚቈርሰው ሰው ከመቊረሱ በፊት ስንት ነን ብሎ ማሰብ አለበት።

የልማዱም ዋና ሥርዐት ይኸው ነው። በብዙ አገር ሲደረግ እንደ ኖረ፥ ኬኩን የምትቈርሰው ሴት አስቀድማ የቤተ ሰቡን ቊጥር ታሰላለች። በቤት ያሉትም በውጭ አገር ያሉትም ባንድነት ይቈጠራሉ፤ ቁራሹ ከሰዎቹ ቊጥር መብለጥም ማነስም የለበትም፤ መጠኑም እኩል ነው። በመንገድ ያለው ነጋዴ፥ በሩቅ ግዛት የተሾመው ልጅ፥ በጦር ሠራዊት ያለው ወንድም እንደ ተቀመጠ ሰው ይቈጠራል። ፉቻ ዱንቾንግ በ1906 በታተመው የቤይጂንግ ዓመታዊ ልማዶች መጽሐፉ፥ ለጨረቃ ከሚቀርቡት ታላላቅ ኬኮች አንዳንዱ በዚያው ሌሊት ሲበላ አንዳንዱ ግን እስከ ዓመት መለወጫ ዋዜማ ተጠብቆ እንደሚበላና «የመገናኛ ኬክ» እንደሚባል ጽፏል። ከበዓሉ እስከ ዓመት መለወጫው ዋዜማ አራት ወር ከመንፈቅ ያኽል ነው። በመፀው ያልደረሰው ሰው ምናልባት በክረምት ይደርስ ይሆናልና ፈንታው ይጠብቀዋል።

በእኛ ቋንቋ «ፈንታ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ማለቱን እዚህ ላይ ማስታወስ መልካም ነው። ፈንታ ድርሻ ነው፤ ፈንታ ደግሞ «በእገሌ ፈንታ» ስንል ምትክ ነው። ለሩቅ ሰው የተቈረሰው ኬክ ሁለቱንም ነው። ድርሻው ስለ ሆነ ሌላ ሰው አይነካውም፤ ምትኩ ስለ ሆነም በገበታው ላይ ባዶ የሚሆነውን ስፍራ ይይዛል። ስለዚህ «በዓሉ የመገናኘት በዓል ነው፥ የኬኩም ክብነት የመገናኘት ምልክት ነው» የሚለው የተለመደ አነጋገር እኩሌታው ብቻ እውነት ነው። ክብ ኬክ ክብ ሆኖ ሳለ ገና ምንም አልተናገረም። ነገሩን የሚናገረው ሲከፈል ነው፤ ያን ጊዜ ማን እንደ ቀረ፥ የቀረውም ሰው ገና ከቤቱ ሰው እንደሚቈጠር ይታወቃል። ሁሉ በተሰበሰበበት ቤት ኬኩ ጣፋጭ ምግብ ነው፤ ሙሉ ሥራውን የሚሠራው ግን አንድ ሰው በጐደለበት ቤት ነው።

ይህን ስንል ልማዱን ያለ ልክ ማመስገን እንዳይሆንብን፥ ከቢላዋው ጋር አብሮ የሚሄደውን ጥያቄ ማንሣት ይገባናል፤ የሚቈጠረው ማን ነው? ልዩ ቶንግ በ1635 ስለ ቤይጂንግ በታተመው መጽሐፍ፥ ወላጆቿን ልትጠይቅ የሄደች ያገባች ሴት በዚያ ቀን ወደ ባሏ ቤት መመለስ ግዴታዋ እንደ ነበረና በዓሉም ስለዚህ «የመገናኛ በዓል» እንደ ተባለ ይገልጻል። ይህን ቃል ጸሓፊዎች ሁሉ ለበዓሉ ምስጋና አድርገው ይጠቅሱታል። ነገር ግን በልጅቱ እናት ዐይን ሆነን እንየው። ለባል ቤት መገናኛ የሆነው ሰዓት ለእናቲቱ ቤት መለያያ ነው። ልጅቱ የተወለደችበት ቤት ኬክ ሲቈረስ በቊጥር አትገባም፤ በሌላ ቤት ተቈጥራለችና። የነጋዴው ልጅ በሺህ ምዕራፍ ርቆ ሳለ ፈንታው ሲቀመጥለት፥ በሚቀጥለው መንደር ያለችው ሴት ልጅ ፈንታ አልነበራትም። እንግዲህ በዚህ ልማድ «ሩቅ» የሚባለው በመንገድ ርዝመት የሚለካ አልነበረም፤ ሩቅና ቅርብ የሚለየው በቤቱ መዝገብ ነበር። ይህን ሳይናገር ስለ መገናኘት ብቻ የሚናገር ትርጓሜ ከገበታው እኩሌታውን ይሸፍናል።

ልማዱ እጅግ የተፈተነው ቻይናውያን ከአገራቸው በብዛት በወጡ ጊዜ ነው። ከጓንግዶንግ፥ ይልቁንም ከታይሻን አውራጃ የወጡ ወንዶች «የወርቅ ተራራ» ወዳሉት ወደ ካሊፎርኒያ ተሻገሩ። በ1882 የአሜሪካ መንግሥት የቻይና ሠራተኞች እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ በዚያ ያሉትም ሠራተኞች ሚስቶቻቸውን ማስመጣት አልተፈቀደላቸውም። ሕጉ የተሻረው በ1943 ነው፤ ያን ጊዜም በዓመት የሚገቡት ቻይናውያን ቊጥር በ105 ተወሰነ። ስለዚህ ለ61 ዓመት በሁለት ወገን ለየብቻ በዓል ያከበሩ ባልና ሚስቶች ነበሩ። ሁለተኛው ምሳሌ የታይዋን ነው። በ1949 ከተሸነፈው ሠራዊት ጋር ወደ ደሴቲቱ የተሻገሩ ወታደሮች ቤተ ሰባቸውን ለመጠየቅ እንዲሄዱ የተፈቀደላቸው በ1987 ነው፤ ይህም 38 የመፀው በዓል ማለት ነው። የባሕሩ ወርድ በጠባቡ ስፍራ 130 ኪሎ ሜትር ያኽል ብቻ ነበር።

በነዚህ ሰዎች ፊት «አንዲት ጨረቃ ሁላችንን ታገናኛለች» የሚለው ቃል እንዴት እንደሚቆም መመርመር ተገቢ ነው። ለታይዋኑ ወታደር ቃሉ በርግጥ እውነት ነበር፤ በሰዓትም በሰማይም ከቤቱ ጋር አንድ ነበረና። የሳን ፍራንሲስኮው ሠራተኛ ግን እንደዚያ አልነበረም። በጓንግዶንግ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ጨረቃዋ ወጥታ ኬኩ ሲቈረስ፥ በሳን ፍራንሲስኮ የዚያው ቀን ሌሊት ገና ወደ መንጋት ነው፤ ሰውዬው ለሥራ ሳይነሣ ጨረቃዋ ወደ ምዕራብ ታዘቀዝቃለች። የእርሱ በዓል ምሽት ሲደርስ ደግሞ በቤቱ ማግስቱ ነግቷል፤ ሳሕኑ ታጥቧል፤ በዓሉ አልፏል። ጨረቃዋ አንዲት ናት፤ ሌሊቱ ግን አንድ አይደለም። የተቀመጠው ቁራሽ ግን ሰዓት አይጠይቅም። በማግስቱም በሳምንቱም የእርሱ ነው። ከሩቅ ሰው ጋር የሚያዛምደው አብሮ ማየት ሳይሆን አስቀድሞ መቈጠር መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

መቈጠሩም ከአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። ከፉጅየንና ከቻውሻን ወጥተው ወደ ታይላንድ፥ ወደ ማሌዢያና ወደ ሲንጋፖር የተሻገሩ ሰዎች ገንዘብንና ደብዳቤን ባንድነት ወደ ቤታቸው ይልኩ ነበር፤ ይህም ቻውፒ ወይም ችያውፒ ይባላል፤ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት እነዚህን ደብዳቤዎች በ2013 በዓለም መታሰቢያ መዝገብ ጽፏቸዋል። ብዙዎቹ ደብዳቤዎች ስለ ናፍቆት የሚናገሩት ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ለአያት ይህን ያኽል፥ ለአክስት ይህን ያኽል፥ ለወንድም ይህን ያኽል ስጡ የሚል ዝርዝር ነው። የንግድ ደብዳቤ ነው ብለው የሚያልፉት አሉ፤ እኔ ግን የኬኩን ሥርዐት በሌላ እጅ ተጽፎ የማየው በዚሁ ዝርዝር ነው። በቤት ያሉት ለራቀው ኬክ ይቈርሳሉ፤ የራቀውም በቤት ላሉት ገንዘቡን ይቈርሳል። ሁለቱም ወገን ፍቅሩን የሚገልጠው ስም እየጠራ በማካፈል ነው።

ወደ ዛሬው ዘመን ስንመለስ ኬኩ ከሦስት ነገር ጋር እንደሚታገል እናያለን። መጀመሪያው የድንበር ሕግ ነው። እንቊላልና ሥጋ የእንስሳት በሽታ ያሻግራሉ ተብሎ ስለሚፈራ፥ አስኳል ወይም ሥጋ ያለበትን የቻይና ኬክ የአሜሪካ ጕምሩክ አያስገባም። በ2018 የአሳማ ወረርሽኝ በቻይና ከተነሣ በኋላም ታይዋን በሽታው ካለበት አገር የአሳማ ሥጋ ያለበትን ምግብ ይዞ የሚገባውን መንገደኛ በመጀመሪያው ጥፋት 200,000 የታይዋን ዶላር ልታስቀጣ ደነገገች። ሕጉ ምክንያት አለው። ነገር ግን እናት ለልጇ የምትልከው ኬክ ጨረቃዋን ከመካከሉ ሳያወጣ ድንበር የማይሻገር መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ሁለተኛው የስጦታው ንግድ ነው። ኬኩ ከዘመድ ወደ ዘመድ ከመሄድ ይልቅ ከነጋዴ ወደ ሹም የሚሄድ እጅ መንሻ ሆነ። በ2013 የቻይና ኮሙኒስት ፓርቲ የዲሲፕሊን ኮሚሽን በሕዝብ ገንዘብ የጨረቃ ኬክ ገዝቶ ስጦታ ማድረግን ከለከለ። በ2022 የጸናውም ደንብ የኬክ መጠቅለያ ከሦስት ድርብ እንዳይበልጥ፥ ዋጋው ከ100 ዩዋን በላይ በሆነ ሣጥንም የመጠቅለያው ወጪ ከዋጋው ከመቶ 15 እጅ እንዳያልፍ ወሰነ። ይህን ያኽል ጥብቅ ደንብ ማስፈለጉ ራሱ፥ ሣጥኑ ከኬኩ ምን ያኽል በልጦ እንደ ነበረ ይመሰክራል።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚረቀው ነው፤ ስለ እርሱም እስካሁን ብዙ ሲነገር አልሰማሁም። በአሁኑ ዘመን የሚሸጠው ኬክ አብዛኛው ትንሽና ለየብቻው የታሸገ ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱን አንሥቶ ከፍቶ ይበላል፤ ቢላዋ አያስፈልግም። ንጽሕናውና ምቾቱ አይካድም። ነገር ግን ቢላዋው ከገበታው ሲነሣ ቊጥሩም አብሮ ይነሣል። ስንት ነን ብሎ የሚያስብ የለም፤ ሣጥኑ ስድስት ወይም ስምንት ይዟልና፥ የሚተርፈው ተረፈ ማለት ነው እንጂ የማንም ፈንታ አይደለም። በዓሉ ከ2008 ጀምሮ በቻይና የሕዝብ በዓል ሆኖ የአንድ ቀን ዕረፍት ቢሰጠውም፥ በ2023 በመንግሥት ቈጠራ ከገጠር ወጥተው ከተወለዱበት ቀበሌ ርቀው የሚሠሩት ከ170 ሚሊዮን በላይ ነበሩ፤ ለነዚህ አንድ ቀን ለመንገድ እንኳ አይበቃም። ፈንታ የሚያሻው ሰው በበዛበት ዘመን ፈንታ የሚለየው ቢላዋ መጥፋቱ የሚያሳዝን ነው። ለሩቅ ልጅ ሙሉ ሣጥን መላክ ልግስና ነው፤ ከአንዱ ኬክ አንዱን ቁራሽ ለእርሱ ማስቀረት ግን ዝምድና ነው፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም።

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚችለውን ተቃውሞ ዐውቃለሁ። ዘመናዊው ሰው በስልክ የዘመዱን ፊት እያየ፥ እርሱም በዚያ እርሷም በዚህ የየራሳቸውን ኬክ ባንድ ጊዜ ቢበሉ፥ ይህ ከተቀመጠ ቁራሽ አይሻልምን? ለሁለቱ ሰዎች በርግጥ ይሻላል፤ የታይሻን ሴት ይህን ብታገኝ በደስታ ባለቀሰች ነበር። ነገር ግን የስልኩ ጨዋታ ሲያልቅ ስፍራው እንደ ገና ባዶ ይሆናል፤ የሚጠብቀው ነገር አይቀርም። የቀደመው ልማድ ጥበቡ ሰውዬው በሌለበት ሰዓት፥ በማይደውልበትም ቀን፥ ደብዳቤው በጠፋበትም ዓመት ከቤቱ ሰው መሆኑን ማስታወሱ ነበር። አዲሱም መንገድ ይህን ሊያደርግ ይችላል፤ የሚያስፈልገው አንድ ሙሉ ኬክና አንድ ቢላዋ ነው። ለሴቲቱም ልጅ በዚሁ ቢላዋ ፈንታዋን መለየት የሚከለክል ነገር ዛሬ የለም።

የዚህ ትችት ፍሬ እንግዲህ ይህ ነው። የዐመፁ ተረት፥ የጨረቃይቱ ሴት ታሪክና የሱ ሺ ቅኔ ሦስቱም ስለ ኬኩ እውነት አላቸው፤ ግን የኬኩን ሥራ አንዳቸውም አይገልጹትም። ኬኩ ሥራውን የሚሠራው በመቊረስ ነው፤ በመቊረሱም የሚያስታውቀው በቤት ያለውን ብቻ ሳይሆን የጐደለውን ነው። የበዓላትን ገበታ ለሚመዘግቡ ወጣት ተመራማሪዎቻችንም ከዚህ የሚገኝ ትምህርት አለ። ምን ቀረበ፥ ማን በላ ብለን እንጽፋለን፤ ይህ መልካም ነው። ከዚያ በኋላ ግን ገበታው ሲነሣ ጥቂት ቈይቶ፥ ተከድኖ የቀረውን ሳሕን አይቶ፥ ይህስ የማን ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል።